ሰባቱ አንድ ዓይነቶችና የሰንበቴዋ ግመል

ከሚሴ ውስጥ ጆንያ ያለው ሰው ሁሉ እኛን ያውቃል። ሰባት ነን። ሰባታችንም የወንድማማች ልጆች፣ ሰባታችንም ከአንድ ቀዬ የወጣን፣ ሰባታችንም ቁመታችን በጣት ስፋት እንኳ የማይበላለጥ። እናቶቻችን ከኋላ ሲያዩን መለየት ስለሚያቅታቸው በስም መጥራት ትተዋል። «አንተ!» ይላሉ፣ ሰባታችንም እንዞራለን፣ ከዚያ የሚፈልጉትን ይመርጣሉ። ባለፈው ዓመት ነጂብ ጤና ጣቢያ ሄዶ አንድ መርፌ ተወጋ፤ የቀረነው ስድስታችን ሁለት ቀን ሙሉ መቀመጥ አቃተን። ያላመነ ከሚሴ መጥቶ ይጠይቅ። ስድስት ምስክር አለኝ፣ ያውም እኔን ሳይጨምር።

ሥራችን መጫንና ማውረድ ነው። የማሾ ወቅት ሲደርስ መጋዘኖቹ በር ላይ አይሱዙ ይሰለፋል፣ እኛም እንሰለፋለን። አንዳችን ጎንበስ ሲል ሌላው ጆንያውን ትከሻው ላይ አኑሮለታል። ቃል አንለዋወጥም። ምን ብለን? እኔ የማስበውን እሱም እያሰበው ነው። ሹፌሩ ሻይ ያዛል፣ ስኳሩን ማማሰል ይጀምራል፣ ስኳሩ ሳይሟሟ «ጨርሰናል፣ ንዳ!» እንለዋለን። አለቃችን ኑርሁሴን ነው። ከሁላችንም በሁለት ወር ስለሚበልጥ «አያ ኑርሁሴን» እንለዋለን። በእነዚያ ሁለት ወራት ምን እንደተማረ ጠይቀነው አያውቅም፤ ብዙ እንደተማረ ግን ከፊቱ ያስታውቃል።

አንድ ጉድለት አለብን። ለቅሶ ሲመጣ ለሰባታችን ነው የሚመጣው። ሰርግም እንደዚያው። ሌላው ቡድን ሰው ጎደለው ሲባል አንድ ወይ ሁለት ነው፤ እኛ ግን ወይ ሰባት ነን ወይ ዜሮ ነን።

ነገሩ የተጀመረው ሀጂ ጀማለዲን መጋዘን በር ላይ ነው። ሀጂ ከዳገቱ የወረዱ የአርጎባ ነጋዴ ናቸው፤ ጢማቸው በሂና የቀላ፣ ንግግራቸው የተቆጠበ። ማሾዋቸውን የምንጭነው እኛ ነን፤ የሰባታችንም ቤት ዱቄት የሚገዛው በእሱ ነው። አንድ ቀን ጆንያ ላይ ተቀምጠው፣

«እናንተ ልጆች፣ ግመል ጭናችሁ ታውቃላችሁ?» አሉ።

አያ ኑርሁሴን «አናውቅም» ሊል አፉን ከፈተ። አምስቱም አብረውት ከፈቱ። የእኔ አፍ ግን ቀደማቸው።

«ግመል? ምን ነካዎት ሀጂ! ባቲ ገበያ አሥራ ሁለት ግመል ጭነን የለ እንዴ! ሻያችን እንኳ አልበረደም። አንደኛዋማ እየሳቀች ነው የወጣችው።»

«ግመል ስትስቅ አይተሃል?»

«ጥርሷን አይቻለሁ።»

«እስቲ ወላሂ በል።»

«ሀጂ፣ እኔ በትንሽ ነገር አልምልም።»

ሀጂ ጢማቸውን አሻሹ። «መልካም። የፊታችን እሁድ ሰንበቴ ገበያ ስምንት ግመል እገዛለሁ። አዋሽ ዳር ለወተት ለሚያረባ ወዳጄ ነው። የሰንበቴ ጫኞች ነባር ደንበኛ አላቸው፤ ለእኔ ዓይነቱ አዲስ ገቢ ተራ አይደርሰውም። የዙህር አዛን ሳይል ስምንቱም መኪና ላይ ከሆኑ፣ የአንዱም እግር ካልተሰበረ፣ የእሁዱ ሥራ ዓመቱን ሙሉ የእናንተ ነው። ካሳፈራችሁኝ ግን ማሾዬንም ሌላ ሰው ይጭነዋል።»

ሀጂ እንደሄዱ ስድስቱም ዞረው አዩኝ። ስድስት ሰው በአንድ ፊት ሲቆጣ ማየት ለጠላትም አይስጥ።

«ባቲ መቼ ሄደህ ታውቃለህ?» አለ አያ ኑርሁሴን።

«ልሄድ አስቤ አውቃለሁ።»

ሐሙስ ዕለት ከአንድ ጎረቤት ግመል ተውሰን ሞከርን። መኪና አቁመን ሳንቃ አጋደምን። ወዲያው ለሰባታችንም አንድ ሐሳብ መጣልን፤ ከኋላ እንግፋው። ገፋን። ግመሉ ዞር ብሎ አየን፣ የቆጠረን ይመስላል፣ ከዚያ ተቀመጠ። አሁንም ለሰባታችን ሌላ ሐሳብ መጣልን፤ ከፊት እንጎትተው። ሰባታችንም ፊት ሄደን ገመዱን ያዝን፣ ከኋላው ማንም አልቀረም። ግመሉ ይሄን ሲያይ ተነሣና ወደ ኋላው ሄደ። ገመዱን መልቀቅ ለማናችንም አልታሰበንም፤ ለአንዳችን ቢታሰበን ኖሮ ለሁላችንም ይታሰበን ነበር። አስፋልቱን አሻገረን፣ በባጃጆቹ መካከል አሳለፈን፣ በሽንኩርት ተራ አዞረን፣ ከሚሴን በደንብ አስጎበኘን። አንድ ባጃጅ ነጂ ፍሬን ይዞ «አካም ጅርቱ?» አለን። በሆዳችን እየተንሸራተትን ሰባታችንም «ፈያ!» አልን። ሰላምታማ አይታለፍም።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ደግሞ ሌላ ዱብዳ መጣ። የአጎታችን ልጅ ፊርደውስ ሰርጓ የሚቀጥለው ሳምንት ነበር። ሙሽራው ከጅዳ የመጣበት ፈቃድ አጥሮበት ቀኑ ወደዚህ እሁድ ተሳበ። ፊርደውስ የእናት ልጅ ወንድም የላትም። ወንድሞቿ እኛ ነን፤ ዳሱን የምንተክል፣ ጋኑን የምንሸከም፣ ሙሽራውን በር ላይ የምናስጨንቅ እኛ ነን።

«አንድ ወንድም ቢጎድል ትኩሳት ይዞት ነው ይባላል» አለ አያ ኑርሁሴን። «ሰባት ከጎደለ ግን ልጅቷ ዘመድ የላትም ይባላል።»

«ስለዚህ?»

«ስለዚህ የዋሸ ይጫን።»

«ብቻዬን?»

«ባቲ አሥራ ሁለት የጫነ ሰው ስምንት ያቅተዋል?»

አምስቱ በአንድ ድምፅ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። እጄን ይዞ ወደ ጎን ወሰደኝ። «ሙጂብ፣ ስማኝ። ማሾው ሰባት ቤት ነው የሚያበላው። በአንተ ምላስ ምክንያት ከሄደ ሰኞ ጠዋት ጆንያ ሥር እንዳላይህ። ስድስት ሆነን እንኖራለን።»

በሳቅ ላሳልፈው ፈለግሁ፣ ሳቁ አልመጣም። ከተወለድኩ ጀምሮ ከሰባት አንዱ ነበርኩ። ሰው ብቻውን ሲሆን እንዴት እንደሚሆን እንኳ አላውቅም።

እሁድ ማለዳ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሰንበቴ ወረድኩ። ገበያው ገና እየሞላ ነው፤ ከቆላ ግመልና ፍየል፣ ከደጋ በቅሎና ገብስ ይገባል። እኔ የምፈልገው ግን ሰው ነው፤ ስድስት ሰው፣ ቁመታቸው የእኔ ያህል፣ ትከሻቸው የእኔ ያህል። የሚያልፈውን ሁሉ ከእግር እስከ ራሱ ስለካው አንዲት ጨው ሻጭ ከጆንያዋ ኋላ ሆና ተጣራች።

«አንተ ልጅ! በጠዋት ሰው በዓይንህ የምትለካው ከፈን ልትሸጥ ነው?»

«ጫኝ ፈልጌ ነው እትዬ። እኔን የሚመስል።»

«አንተን የሚመስል? አንዱ መች አነሰ!»

ስሟ ረቢአ ነው። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ድምፅዋ ግን ሰንበቴ ላይ ሆና ብትጣራ ባቲ ያሉ ሰዎች «አቤት» ይላሉ። ጉዴን ነገርኳት። ውሸቱንም ጭምር፣ ምክንያቱም ዓይኗ ሰው የሚያስዋሽ ዓይን አይደለም። ሰምታ ስትጨርስ ጨው የሚገዟት ሰዎች ላይ ጣቷን መቀሰር ጀመረች።

«ኡትባን፣ ኮቱ! ፍየልህን ሸጠሃል፣ ምን ትሠራለህ እዚህ?» አንድ ቀጭን፣ ረጅም አፋር ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ መጣ። «ላቀው፣ አንተም ና፣ ገመድህን ይዘህ!» ከደጋ ወርዶ ገመድ የሚሸጥ አጭር ሰው ጋቢውን እያስተካከለ መጣ። «ሙሀመድአሚን፣ የእህቴ ልጅ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳውን ማየት ይብቃህ፣ ዛሬም አልተለጠፈም!» ሦስተኛው መነጽር ያደረገ ምሩቅ ነው። ብብቱ ሥር የላስቲክ ፋይል አለ፣ ፋይሉ ውስጥ ዲግሪው አለ፣ ዲግሪው ላይ ማኔጅመንት ይላል።

አየኋቸው። አንዱ እንደ ስልክ እንጨት፣ አንዱ እንደ ሙቀጫ፣ አንዱ እንደ መርፌ።

«ይሄ ሦስት ነው» አልኩ ቅር ብሎኝ።

«አራት ነው። እኔስ?»

«እትዬ፣ ግመል እኮ ነው የሚጫነው…»

«ሃያ ዓመት ጨው ስሸጥ የኖርኩት ከግመል ፊት ለፊት ቆሜ ነው። አንተ ግን፣ ስትነግረኝ እንደሰማሁት፣ ግመልን የምታውቃት ከኋላዋ ነው።»

ድርሻው እኩል እንዲሆን ተስማማን፤ ጨውዋን ለጎረቤቷ አደራ ብላ ትንሿን ጆንያ ብቻ ይዛ ተነሣች።

ሀጂ ስምንቱን ግመሎች፣ ሰባት እንስትና አንድ ወንድ፣ ገዝተው ሲያስረክቡን ሦስት ሰዓት ሆኗል። ወንድሞቼ የት እንዳሉ ጠየቁኝ። «ሀጂ፣ ለስምንት ግመል ሰባታችን መምጣት ነውር ነው» አልኩ። ሀጂ መኪናውን ጥላ አድርገው በርጩማ ላይ ተቀመጡና ስልካቸውን አውጥተው ሰዓቱን አዩ።

የመጀመሪያው ሰዓት ያለቀው በክርክር ነው። ኡትባን በአፋርኛ ያዛል። ረቢአ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ ታዛለች። ላቀው ገና ከመጀመራችን፣

«እሁድ ስለሆነ እኔ አልሸከምም፣ አልጎትትም፣ አልገፋም» አለ።

«ታዲያ ምን ልታደርግ መጣህ?» አልኩት።

«ማሰር አያስቀስፍም። መምከርም አያስቀስፍም።»

ሙሀመድአሚን ፋይሉን ከፍቶ ወረቀት አወጣ። «በመጀመሪያ የቡድኑን ራዕይና ተልዕኮ መንደፍ ያስፈልጋል።»

«ራዕይህ ስምንት ግመል ነው» አለች ረቢአ፣ «ተልዕኮህ መኪናው ነው። በል ፋይልህን ዝጋ!»

እኔ ልማዴን ይዤ ከኋላ ልግፋ አልኩ፤ ኡትባን በዱላው ደረቴን ያዘኝ። ሳንቃ አጋድመን እንጎትት አልኩ፤ ላቀው ሳንቃው ቀጥ ብሏል፣ እግር ይሰብራል አለ። ላቀው አንበርክከን አስረን እናንሣት አለ፤ ረቢአ በማን ጉልበት፣ በአንተ ምክር ነው? አለች። አራቱም አራት ሐሳብ አላቸው፣ አራቱም የሌሎቹን ሦስት አይወዱም። ወንድሞቼ ናፈቁኝ። ከእነሱ ጋር ብሆን ኖሮ እስካሁን ሁላችንም ተስማምተን፣ ሁላችንም ተሳስተን፣ ጨርሰን ነበር።

«ይቅርታ» አለ ሙሀመድአሚን። «አንድ ጥያቄ አለኝ። ምናልባት የሞኝ ጥያቄ ይሆናል።»

«ይሆናል» አለች አክስቱ።

«ግመሏ ለምንድን ነው ወደ መኪናው የምትወጣው? መኪናው ለምን ወደ እሷ አይወርድም?»

ልስቅበት አፌን ከፈትኩ። ኡትባን ግን ዞር ብሎ ከገበያው ጀርባ ያለውን ደረቅ ወንዝ አየ። ላቀውም አየ። ረቢአም አየች። የወንዙ ዳር እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ፣ ወገብ የሚያልፍ አፈር ነው። መኪናው ወንዙ ውስጥ ገብቶ በጀርባው ወደ ዳሩ ቢጠጋ ወለሉ ከመሬቱ ጋር እኩል ይሆናል። ግመሏም የምትወጣው ነገር አይኖርም፤ ዝም ብላ መራመድ ብቻ ነው።

እኔ ስምንት ዓመት ጭኛለሁ። መኪና የሚወርድ ነገር መሆኑ አንድም ቀን አልታሰበኝም። ለእኔ ስላልታሰበኝ ደግሞ ለስድስቱም አልታሰባቸውም።

ሹፌሩ «መኪናዬን ገደል ልትከቱት!» ብሎ ጮኸ፤ ረቢአ የባሰ ጮኸችበትና ወረደ። መኪናው ተጠጋ። በዳሩና በወለሉ መካከል አንድ ክንድ ክፍተት ቀረ። ሳንቃ ጣልንበት፤ ላቀው በእግሩ መታ አደረገውና ራሱን ነቀነቀ።

«ባዶ ይጮኻል። ባዶ የሚጮኽ ነገር ላይ እንስሳ እግሩን አያኖርም። በቅሎዬ በዚህ ምክንያት ስንት ድልድይ ላይ አዋርዳኛለች! አፈር እናልብሰው፣ ጭድም እንበትንበት።»

ይሄን ብሎ ራሱ ጋቢውን ጥሎ አፈር በጆንያ ማመላለስ ጀመረ።

«ላቀው፣ ሸክም ተፈቀደ እንዴ?» አለችው ረቢአ።

«ሸክም አይደለም፣ ምክር ነው» አለ እያለከለከ። «ትንሽ ከበደ እንጂ።»

ሳንቃው መሬት ሲመስል እኔ የወንዱን ግመል ገመድ ያዝኩ። ትልቁ ካለቀ ሌላው ቀላል ነው ብዬ። ጆንያ ላይ ሁሌም ከባዱን ነው የምናስቀድም።

«እሱ ፈሪ ነው» አለ ኡትባን። አማርኛው አጭር አጭር ነው። «አሮጊቷ ትቅደም። ሌሎቹ እሷን ያያሉ።» ቀጥሎ ወደ እኔ ዱላውን ቀሰረ። «ይሄ ሰው ሲያወራ ግመሎቹ ጆሯቸውን ያጥፋሉ።»

በዚያን ጊዜ ነው ረቢአ ሕግ ያወጣችው። ግመሎቹን የሚያናግር ኡትባን ብቻ ነው፣ በአፋርኛ። ሌላው ሁሉ ዝም! ሙጂብ ደግሞ ከሌላው ሁሉ በላይ ዝም!

እሷ መዳፏ ላይ ጨው ይዛ ወደ ኋላ እየተራመደች ወደ መኪናው ገባች። አሮጊቷ ግመል አንገቷን ዘረጋች። ኡትባን ከጎኗ ሆኖ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ይላል፤ ሕፃን የሚያስተኛ ይመስላል። አንድ እግር። ሁለት። አፈሩን ረገጠች፣ አሸተተች፣ ገባች። ላቀው ውስጥ ሆኖ ጉልበቷን አጥፎ አስሮ አንበረከካት፤ አስተሳሰሩን ዓይኔ እንኳ አልያዘውም። ሁለተኛዋ የመጀመሪያዋን አይታ ገባች። ሦስተኛዋ ተከተለች። ወንዱ ግመል ሴቶቹ ሲሄዱ ብቻውን የሚቀር መስሎት እየሮጠ ገባ፣ ረቢአን ከነጨውዋ ግድግዳ ላይ ለጠፋት። ሙሀመድአሚን የገባውን በወረቀቱ ይመዘግባል። ማን እንዳዘዘው አይታወቅም፣ ግን ሥራ ስላገኘ ደስ ብሎታል።

እኔ ዝም ብያለሁ። ሰው አያምነኝ ይሆናል፣ አንድ ሰዓት ከሩብ ዝም አልኩ! እንደዚያ ቀን ዝምታ የከበደኝ ጆንያ ተሸክሜ አላውቅም። ጉሮሮዬ ውስጥ አራት ወሬ ተደራርቦ፣ አምስተኛው ከታች እየገፋው፣ ላብ ያጠምቀኝ ጀመር። ሥራዬ አንድ ብቻ ነበር፤ የሚቀጥለውን ገመድ ለኡትባን ማቀበል። አቀበልኩ።

ሰባተኛዋ ገባች። ቀይዋ ብቻ ቀረች፣ ወጣቷ። ሀጂ ስልካቸውን አዩ። ለአዛኑ ሩብ ሰዓት ግድም ቀርቷል። ቀይዋ ሳንቃው ላይ ሁለት የፊት እግሯን አኖረች፤ ልቤ ከሚሴ ደርሶ ተመለሰ።

ያኔ ነው አንድ ሚኒባስ መጥቶ የቆመ።

ስድስቱም ወረዱ። ስድስቱም ነጭ ጀለቢያ ለብሰዋል፣ ስድስቱም አንድ ሽቶ ሸተዋል። ነገሩ እንዲህ ነው። አያ ኑርሁሴን ሰርጉ ላይ ሩዝ ቀርቦለት መዋጥ አቃተው። እኔን አባሮ ሩዝ መብላት ሆዱ እንቢ አለ። ሳህኑን አስቀምጦ ሲነሣ አምስቱም ሳህናቸውን አስቀምጠው ተነሡ። ሊረዱኝ ነው የመጡት። አላህ ይስጣቸው! ዳሩ ላይ ደርሰው ያዩት ግን የቀይዋን ጀርባ ነው፤ የግመል ጀርባ ሲያዩ ደግሞ ለስድስቱም አንድ ሐሳብ መጣላቸው።

ቃል ሳይተነፍሱ ሮጠው ገፏት።

ቀይዋ ሳንቃው ላይ ቁጭ አለች። ግማሽዋ መኪናው ላይ፣ ግማሽዋ ሰንበቴ ላይ።

«ከኋላዋ ውጡ!» አለች ረቢአ። ይሄን ጩኸት ባቲም ሰምቶታል። ስድስቱም በአንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

ሁሉም ዝም አለ። ኡትባን አባበላት፣ አልተነሣችም። ረቢአ ጨው አቀረበችላት፣ ፊቷን አዞረች። ላቀው ገመድ አሳያት፤ ለምን እንዳሳያት እሱም አያውቅም። አያ ኑርሁሴን ያደረገውን አይቶ ፊቱ ከጀለቢያው ነጣ። ሀጂ ከበርጩማው ተነሡ። ማሾው፣ ሰባቱ ቤት፣ ሰኞ፣ ሁሉም እዚያ ሳንቃ ላይ ተቀምጦ ያመሰኳል።

ኡትባን ቁጢጥ ብሎ ፊቷን ሲያይ ቆየ። «ያሳደጋትን ሽማግሌ አውቀዋለሁ» አለ በመጨረሻ። «ከጠዋት እስከ ማታ ያወራል። ሰው ቢኖር ባይኖር ያወራል። እሷ ዝምታ አታውቅም። አሁን ዝም ስንል ክፉ ነገር አለ ብላ ፈርታለች።»

ረቢአ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። ሕጓን ማፍረስ እንደ ቁርጥማት ነው ያመማት።

«ሙጂብ» አለች።

«አቤት እትዬ።»

«በል ዋሽላት!»

ያን የመሰለ ትእዛዝ በሕይወቴ ተሰጥቶኝ አያውቅም። ጆሮዋ ሥር ተቀመጥኩና ለቀቅሁት። «እመቤቴ፣ ይሄ መኪና ይመስልሻል እንዴ? የአዋሽ ግመሎች ለአንቺ ብለው የላኩት ነው። እዚያ ጨው ከሰማይ ነው የሚዘንበው፣ ሳሩን ጎንበስ ብለሽ አትበይውም፣ ራሱ ቀና ብሎ አፍሽ ይገባል። ባቲ ላይ አሥራ ሁለት እኅቶችሽን ስጭን ይሄንኑ ነግሬያቸው አንዷ እየሳቀች ነው የወጣችው! ሐኪም ጠርተን ነው ሳቋን ያስቆምነው…» ጆሮዋ ቀና አለ። ወደ ኋላ እየተራመድኩ ቀጠልኩ። አንበሳ በጥፊ መትቶ ስላባረረ አጎቷ ነገርኳት። ገላውን ሲታጠብ የቦርከናን ወንዝ ስላቆመው አያቷም ነገርኳት። ቀይዋ የኋላ እግሯን ሰበሰበች፣ ተነሣች፣ ወሬው እንዳያመልጣት አንገቷን ወደ እኔ አስግጋ ተራመደች። እኔ ወደ ኋላ፣ እሷ ወደ ፊት፣ ስምንቱ ግመል መካከል እስክቀረቀር ድረስ። ላቀው ጉልበቷን አሰረ።

«ስምንት!» ብሎ ጻፈ ሙሀመድአሚን።

እሱ ነጥቡን ሳያደርግ አዛን አለ።

ከግመሎቹ ሆድ ሥር ተስቤ ስወጣ ሀጂ ዳሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ሁሉንም ሰምተዋል።

«የባቲው ነገር…» አሉ።

«ሀጂ፣ እሱ እንኳን…»

«ለእኔም እንዲሁ ነበር የነገርከኝ» አሉ። «እኔም እንደሷ ነው የተነሣሁት።» ጢማቸው ተንቀጠቀጠ። መጀመሪያ የተቆጡ መስሎኝ ነበር። እየሳቁ ነው። ኡትባንም ሳቀ፣ ሹፌሩም ሳቀ፣ ላቀው እስኪያነባ ሳቀ፤ ሳቅ በእሁድ ይፈቀዳል መሰለኝ።

ከሶላት በኋላ ሀጂ ሁላችንንም ሰበሰቡ። «የእሁዱ ሥራ ተሰጥቷል» አሉና ረቢአን፣ ኡትባንን፣ ላቀውን፣ ሙሀመድአሚንንና እኔን በእጃቸው አመለከቱ። «ለእነዚህ።»

አያ ኑርሁሴን ጉሮሮውን ጠረገ። «ማሾውስ ሀጂ?»

«ማሾው የናንተው ነው። ጆንያ ከኋላ ቢገፉት አይከፋውም።»

ስድስቱም በአንድ ላይ ተነፈሱ። አያ ኑርሁሴን ወደ ረቢአ ጠጋ አለ። ለማንም ጠጋ ሲል አይቼው አላውቅም። «እትዬ፣ እሁድ እሁድ እኛም ብንመጣ? ጉልበት አለን። መግፋት ካልተፈለገም እንማራለን።»

«ስንት ናችሁ?»

«ስድስት።»

«አንድ እወስዳለሁ። ሁለት ከገባችሁ ሰባት ትሆናላችሁ።»

«እኔ!» አሉ ስድስቱም።

ረቢአ ራሷን ያዘች። ከዚያ ወደ መኪናው አገጯን ቀሰረች። «የኋላውን በር ዝጉት እስቲ።»

አምስቱ ሮጠው የበሩን ቀኝ ጫፍ አነሡ። ነጂብ ብቻ ግራውን ያዘ። በሩ ቀጥ ብሎ ተነሣ፣ ገባ፣ ተዘጋ።

«እሱን ስጡኝ» አለች።

ነጂብ ደነገጠ። «እትዬ፣ እኔ እኮ አውቄ አይደለም፣ በዚያ በኩል ፀሐዩ ዓይኔን ወግቶኝ…»

«ምክንያትህን አልጠየቅሁህም። እሁድ ሁለት ሰዓት እንዳታረፍድ።»

መኪናው አቧራውን አስነሥቶ ወደ አዋሽ አቀና፤ ቀይዋ ከስምንቱ መካከል አንገቷን አውጥታ የቀረውን ወሬ የምትጠብቅ ይመስል ታየኛለች። አያ ኑርሁሴን መጥቶ አጠገቤ ቆመ። የሚለው ብዙ እንዳለው አውቃለሁ፣ የማስበውን ነው የሚያስበው። ግን ያን ሁሉ ትቶ፣

«ሰኞ ሁለት መቶ ጆንያ ማሾ አለ» አለ። «ከንጋት ነው። እንዳትቀር።»

«እሺ አያ።»

«አሁን ደግሞ ሰርግ አለብን። ጓደኞችህንም ጥራቸው። ለላቀው ዓይነት እንግዳ ለብቻው የተሠራ ምግብ አለ፤ ፊርደውስ ወንድሞቼ በዙ ብላ አትቆጣም።»

ሚኒባሱ ወደ ከሚሴ ሊመለስ ሞተሩን አስነሥቷል። ኡትባን ዱላዬን ጣሪያ ላይ አልሰጥም አለ። ላቀው በመስኮት በኩል ካልሆነ አልቀመጥም አለ። ረቢአ የጨው ጆንያዋን ወንበር ላይ አስቀምጣ ማንም እንዳይነካው አለች፤ ሙሀመድአሚን ጆንያ ተሳፋሪ ሊሆን እንደማይችል ሊያስረዳት ወረቀት አወጣ። ረዳቱ በሩን ይዞ «ስንት ናችሁ?» ሲል ጮኸ።

«አሥራ አንድ!» አሉ ስድስቱ በአንድ አፍ።

አራቱ ገና እየተከራከሩ ነበር።